የተለየ ነገር የለም

ከሌሊቱ ዘጠኝ። ሳንታ ማሪያ ደሴት፣
በአትላንቲክ ቀሚስ ላይ አንዲት ቀጭን ስፌት።
ውጭ ዝናብ ያካፋል፤ ላሞች ቆመው ያድራሉ፤
ውስጥ እኛ አራት ሰዎች፣ ዐይኖቻችን ሁሉ
አንድ ሰማያዊ መስታወት ላይ ተቸንክረው፣
እግሮቻችን ከጠረጴዛ ሥር ደንዝዘው አድረው።

ራዳር እዚህ አያይም፤ ውኃው ሰፊ ነው።
አውሮፕላን ማለት ለእኔ አንድ የሰው ድምፅ ነው፣
በአርባ ደቂቃ አንዴ ከጨለማው ወጥቶ
ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ነዳጁን ቆጥሮ ሰጥቶ
የሚሄድ። «ተቀበልኩ» እላለሁ። ዝምታ።
ከዚያ የሬዲዮው የአሸዋ ሹክሹክታ፣
ከዚያም የአሸዋ ሹክሹክታ፣
ከዚያም።

አደጋማ ቢመጣ ማን ይፈራው ነበር?
ደም ይፈላል፣ ዐይን ይበራል፣ ይቃናል ወንበር።
ምንም አለመምጣቱ፣ እሱ ነው የሚከብደው፣
እንደ ራሰ ብርድ ልብስ ትከሻ ላይ የሚወርደው።
እንቅልፍ ሌባ አይደለም፣ በር ገንጥሎ አይገባም፤
ጫማውን አውልቆ ነው፣ ኮቴው አይሰማም፤
«ጥቂት ልረፍ» ብሎ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤
ቀና ስል ቁልፉን ከኪሴ አውጥቷል።

ኖርቤርቱ፣ ጡረታው ሰባት ወር የቀረው፣
መንደሪን ይልጣል፤ ልጣጩን አንድ ወጥ አድርጎ ሊያስቀረው
ሲጠነቀቅ ያድራል። ፊሎሜና ደግሞ
ጫማዋ ውስጥ ጠጠር አላት፤ ተረከዟ ታሞ
እንኳ አታወጣውም።
ቤንቪንዱ የሞቱ አጎቶቹን በፊደል ተራ ይጠራል፤
«ዜ» ላይ ሲደርስ እንደገና ከ«አ» ይጀምራል።
እኔ የእጅ ሰዓቴን፣ ሪፖርት በመጣ ቁጥር፣
ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እጄ እንዲጠረጥር
አንድ ነገር እንዳለ። የሞኝ መላ ነው፤ አውቃለሁ።

ወደ አምስተርዳም አበባ የጫነ ካርጎ ነበር፤
ከቦጎታ ከተነሣ ድፍን ሌሊት ሲበር።
«ሦስት አምስት ዜሮን ጠብቅ» አልኩት። ቆየ።
«ሦስት ሰባት ዜሮ...» አለ፤ ድምፁ ተለየ።
ሦስት ሰባት ዜሮ ላይ ሦስት መቶ ሰው ተኝቶ
ወደ ሊዝበን ይሄዳል፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ዘርግቶ።
ቃሉ ስሕተት ነበር፤ ጆሮዬ ግን ሰምቶ አልሰማም።
«ተቀበልኩ» ምላሴ ጫፍ ደርሷል፤ ልማድ አያቅማማም።
እጄ ግን ሰዓቱን ፍለጋ ወደ ግራ አንጓዬ ሄዶ
ሥጋ ብቻ ነካ፤ ሰዓቱ ቀኝ ላይ ነው። ባዶ!
በዚያች ባዶ ቦታ፣ በሁለት ጣት ስፋት፣
ነቃሁ።

«ድገምልኝ» አልኩት። ዝም። «ድገምልኝ።» ዝም።
የኖርቤርቱ ልጣጭ ተበጠሰ፤ ማንም አላለም ምንም።
ከዚያ፦ «ሦስት... አምስት ዜሮ። ይቅርታ፣ ሳንታ ማሪያ።»
ድምፁ ውስጥ ትራስ ነበር፤ የጉንጭ ማሳረፊያ።

ደንቡ እዚህ ላይ ያበቃል። እኔ ግን ጠየቅሁት
ነፋሱን። ነገረኝ። ቅዝቃዜውን ጠየቅሁት።
«ከዜሮ በታች ሃምሳ ሁለት።» ለምንም አያስፈልገኝ።
«አበባው ምን ዓይነት ነው?» ትንሽ ቆይቶ፣ «አላየሁም» አለኝ፣
«ሣጥን ነው የማየው። ሽታው ግን በበሩ ሥር ያልፋል።
እዚያስ ምን አለ?» «ዝናብ» አልኩት። «ላም። ሌሊቱም ያልፋል።»
እንዲህ ቃል ስንቀባበል፣ አንዳችን የአንዳችንን
የዐይን ቆብ በጣት ደግፈን፣ አነጋን ሌሊታችንን።

ስወጣ መዝገቡን ሞላሁ፦ «የተለየ ነገር የለም።»
ተደግሞ የታረመ ቃል እኛ ዘንድ ስሕተት አይባልም።
ኖርቤርቱ የመንደሪኑን ግማሽ እጄ ላይ አኖረ፤
«ኢዳሊና፣ ሊያልቅ ሲል ተበጠሰብኝ» እያለ እስከ በሩ አማረረ።

ቤቴ ገብቼ መጋረጃ ጋረድኩ፤ ጫማዬን አወለቅሁ፤
ያን ጨዋ እንግዳ፣ በሩን ከፍቼ፣ ጠበቅሁ።
ጎረቤቴ ላም ያልባል፤
ብርሃን በመጋረጃው ቀዳዳ ይገባል።
አልመጣም።
ይሄኔ የቀን ፈረቃ ላይ፣ ከአንዱ ወንበር አጠገብ፣
ጫማውን እያወለቀ ነው፣ ቀስ ብሎ፣ በአደብ።